ምክትል ዕጩው ይውረድ ወይስ ይቆይ? ስለ ኢግልተን ጉዳይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአሜሪካ ምርጫ በደረሰ ቁጥር አንድ ክርክር አይጠፋም። ለምክትል ፕሬዝዳንትነት በታጨው ሰው ላይ የሆነ ነገር ይወጣል። ወዲያው "ይውረድ" የሚሉና "ይቆይ" የሚሉ ይፋጠጣሉ። ከዚያ የቶማስ ኢግልተን ስም ይነሳል። ብዙ ጊዜ የሚወራው ግን "ታሞ ነበር፣ አወረዱት" ተብሎ ብቻ ነው። ታሪኩ ከዚህ ይሰፋል፤ በደንብ ቢታወቅም ይጠቅማል። ስለዚህ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልስ ጽፌላቸዋለሁ። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢግልተን ማን ነበር?

የሚዙሪ ግዛት ሴናተር ነበር። ገና በ27 ዓመቱ የሴንት ሉዊስ ከተማ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ተመረጠ። ከዚያ የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ቀጥሎ የግዛቱ ምክትል አስተዳዳሪ፣ በ1968 ደግሞ ሴናተር ሆኖ ተመረጠ። ካቶሊክ ነው። ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ይግባባል። የቬትናምን ጦርነት ይቃወማል። በ1972 ለምክትል ፕሬዝዳንትነት ሲታጭ 42 ዓመቱ ነበር። ላይ ላዩን ላየው ሰው እንከን የማይወጣለት ዕጩ ነበር።

እንዴት ተመረጠ?

በጥድፊያ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዴሞክራቶች ጉባኤ የተካሄደው በጁላይ 1972 ማያሚ ቢች ላይ ነው። ዕጩ ፕሬዝዳንቱ የሳውዝ ዳኮታው ሴናተር ጆርጅ ማክጎቨርን ነበር። የማክጎቨርን ሰዎች የጉባኤውን ጊዜ በሌላ ጭቅጭቅ ጨረሱት። ክርክሩ የካሊፎርኒያ ልዑካን ለማን ይቆጠሩ የሚል ነበር። እሱን አሸነፉ። ምክትሉን በደንብ ለማጥናት ግን ፋታ አላገኙም።

ማክጎቨርን ልቡ ያለው ሴናተር ቴድ ኬኔዲ ጋር ነበር። ኬኔዲ እምቢ አለ። ሴናተር ዋልተር ሞንዴል እምቢ አለ። ሴናተሮቹ አብርሃም ሪቢኮፍና ጌይሎርድ ኔልሰንም አልፈለጉም። የቦስተኑ ከንቲባ ኬቨን ዋይት ሊያዝ ሲል ከራሱ ግዛት ልዑካን ተቃውሞ መጣ። ሰዓቱ እያለቀ ነው። በጁላይ 13 ማክጎቨርን ለኢግልተን ስልክ ደወለ። ኢግልተን ወዲያው እሺ አለ። ከማክጎቨርን ዋና ረዳቶች አንዱ የሆነው ፍራንክ ማንኪየዊች ወደፊት ሊያሳፍር የሚችል የተደበቀ ነገር እንዳለ ጠየቀው። ኢግልተን የለም አለ። ማጣራቱ በዚሁ አለቀ።

ለሥልጣን ቁንጮ አንድ እርምጃ የቀረው ሰው በአጭር የስልክ ንግግር ተመረጠ ማለት ነው። በዚያ ሌሊት ጉባኤው ራሱ ቅጥ አጥቶ ነበር። ልዑካኑ ለምክትልነት የቀልድ ስሞችን ጭምር እየጠሩ ሰዓቱን ገደሉት። ማክጎቨርን ንግግሩን ለማድረግ ሲቆም ሌሊቱ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተጠግቷል። አብዛኛው አሜሪካዊ ተኝቷል።

የደበቀው ምን ነበር?

ከ1960 እስከ 1966 ባሉት ዓመታት ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ ታክሟል። ሕመሙ ዛሬ ድባቴ የምንለው ነው። ከሦስቱ ሁለት ጊዜ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና ወስዷል።

ይህን ጠቁመው ስማቸውን ሳይናገሩ የደወሉ ሰዎች ነበሩ። ናይት የሚባለው የጋዜጦች ድርጅት ሁለት ዘጋቢዎች ጉዳዩን ተከታትለው ደረሱበት። ዘገባቸውን ከማተማቸው በፊት ወደ ማክጎቨርን ሰዎች ሄደው መልስ ጠየቁ። ዘጋቢዎቹ በኋላ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝተውበታል። ማክጎቨርንና ኢግልተን ከመቀደም መቅደም ይሻላል ብለው በጁላይ 25 ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ መግለጫ ጠሩ። ኢግልተን ሁሉንም በራሱ አንደበት ተናገረ።

ማክጎቨርን ምን አደረገ?

መጀመሪያ አብሮት ቆመ። "ሺህ በመቶ" ከጎኑ ነኝ አለ። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ትጠቀሳለች።

ሳምንት አልሞላም። ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎች መሸሽ ጀመሩ። ኒው ዮርክ ታይምስና ዋሽንግተን ፖስት ይውረድ ብለው ጻፉ። ማክጎቨርን ሐኪሞችን በምስጢር አነጋገረ፤ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል አሉት። እሱም ልቡ ሸፈተ። ግን ቀጥ ብሎ ለኢግልተን አልነገረውም። አንድ ምሽት ባረፈበት ሎጅ ምግብ ቤት ውስጥ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ኢግልተን ቢወርድ ይሻላል የሚል ፍንጭ ለጋዜጠኞች ሰጠ። በዚያው ሰሞን እሁድ ዕለት ደግሞ የፓርቲው ሊቀመንበር ጂን ዌስትውድ በቴሌቪዥን ቀርባ መውረዱ የተከበረ ተግባር እንደሚሆን ተናገረች። ኢግልተን በዚያው ቀን በሌላ ጣቢያ እየተከራከረ ነበር።

በጁላይ 31 ሁለቱ ዋሽንግተን ውስጥ ተገናኙ። ኢግልተን ወረደ። በዕጩነት የቆየው 18 ቀን ብቻ ነው።

ይህን ክፍል ባነበብኩት ቁጥር እናደዳለሁ። አንድን ሰው ማውረድ ሊያስፈልግ ይችላል። ሆኖም ጠርቶ ፊት ለፊት መንገር እየተቻለ ወሬ እየረጩ እንዲገባው ማድረግ በደል ነው። ማክጎቨርን ደግ ሰው ነበር፤ በዚህ ጉዳይ ግን አልጠነከረም። በኋለኛው ዘመኑ በውሳኔው መጸጸቱን ተናግሯል።

ጠጥቶ ሲነዳ ተይዟል የሚባለውስ?

ውሸት ነው። ጃክ አንደርሰን የሚባል ታዋቂ አምደኛ በዚያው ሳምንት ኢግልተን ጠጥቶ በማሽከርከር ተደጋጋሚ ክስ አለበት ብሎ ተናገረ። ማስረጃ ግን አልነበረውም። በኋላ ቃሉን አንስቶ ይቅርታ ጠየቀ። ኢግልተን ለዕጩነቱ በሚታገልበት ሳምንት ይህ ጨመረበት። ይቅርታው ሲመጣ ነገሩ አልቋል። እስከ ዛሬ ይህን ወሬ እንደ እውነት የሚደግሙ ሰዎች ስላሉ ነው ለብቻው ያነሳሁት።

ሕዝቡ ይውረድ ይል ነበር?

ሁሉም አይደለም። ታይም መጽሔት በወቅቱ ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት 77 በመቶ ያህሉ የኢግልተን የሕክምና ታሪክ ድምፃቸውን እንደማይለውጠው ተናግረዋል። ድንጋጤው ይበልጥ የነበረው ፖለቲከኞቹ፣ ገንዘብ ሰጪዎቹና የጋዜጣ አዘጋጆቹ ዘንድ ነበር።

ዕጩ ፕሬዝዳንቱ ምክትሉን ማባረር ይችላል?

በሕግ አይችልም። ምክትሉን በይፋ የሚያጨው የፓርቲው ጉባኤ ነው። ዕጩነቱን መተው የሚችለው ራሱ ነው። ሌላው ሁሉ ግፊት ነው። ግፊቱ ግን ቀላል አይደለም። ዕጩ ፕሬዝዳንቱ አልፈልግህም ካለ አብሮ እየዞሩ መቀስቀስ አይቻልም።

ሲወርድ ክፍተቱን የሚሞላው የፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ ነው። በ1972ም የሆነው ይኸው ነው። ኮሚቴው በኦገስት መጀመሪያ ተሰብስቦ ተተኪውን አጸደቀ።

ዘግይቶ ቢወርድስ? የምርጫ ወረቀቱ ከታተመ በኋላ?

እዚህ ላይ ይወሳሰባል። እያንዳንዱ ግዛት ስም የሚቆረጥበት የራሱ ቀን አለው። በፌዴራል ሕግ ደግሞ ውጭ አገር ላሉ ዜጎችና ለወታደሮች የሚላከው ወረቀት ከምርጫው 45 ቀን በፊት መውጣት አለበት። አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ተቀምጦ በፖስታ የሚመርጥ የአሜሪካ ዜግነት ያለው ወገናችን ወረቀቱ የሚደርሰው በዚሁ ሕግ ነው። ስለዚህ ከሴፕቴምበር አጋማሽ ወዲያ የሚወርድ ዕጩ ስሙ ወረቀቱ ላይ ሊቀር ይችላል።

በ1912 የፕሬዝዳንት ታፍት ምክትል ጄምስ ሸርማን ምርጫው ስድስት ቀን ሲቀረው ሞተ። ስሙ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። ለእሱ የተገኙት 8 የኤሌክቶራል ኮሌጅ ድምፆች፣ ማለትም ፕሬዝዳንቱንና ምክትሉን በመጨረሻ የሚመርጡት የግዛት ተወካዮች ድምፆች፣ በኋላ ለሌላ ሰው፣ ለኒኮላስ መሬይ በትለር ተሰጡ።

ኢግልተንን ማን ተካው?

ሳርጀንት ሽራይቨር። የኬኔዲዎች አማች ነው። ለኛ ግን ከዚህ ሌላ መታወቂያ አለው። የሰላም ጓድን፣ ማለትም ፒስ ኮርን፣ ከተመሠረተበት ከ1961 ጀምሮ የመራው እሱ ነበር። በ1962 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ መምህራን በእሱ ጊዜ የተላኩ ናቸው። በጠቅላይ ግዛቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገብተው እንግሊዝኛውን፣ ሒሳቡን፣ ሳይንሱን አስተማሩ። በዚያ ዘመን የተማሩ አባቶቻችንና እናቶቻችን የፒስ ኮር አስተማሪያቸውን ስም እስካሁን ይጠራሉ። ሽራይቨር ሥራ የሚያውቅ ሰው ነበር። ከዚያ ሁሉ ትርምስ በኋላ መግባቱ ግን ብዙ አልረዳውም።

ማክጎቨርን የተሸነፈው በዚህ ምክንያት ነው?

አይደለም። ተፎካካሪው የሪፐብሊካኑ ፕሬዝዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ቀድሞም እየመራ ነበር። በዚያው ዓመት ቻይናንና ሞስኮን ጎብኝቷል። የዴሞክራቶች ፓርቲ ደግሞ በጦርነቱ ጉዳይ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በኖቬምበር 7 ኒክሰን 49 ግዛቶችን ወሰደ። ለማክጎቨርን የቀሩት ማሳቹሴትስና ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ብቻ ናቸው።

የኢግልተን ጉዳይ ያጠፋበት ሌላ ነገር ነው። ማክጎቨርን ትልቁ ሀብቱ የሚታመን ሰው መባሉ ነበር። "ሺህ በመቶ" ብሎ በሳምንቱ ሲያጥፍ ያ ስም ተበላሸ። ሕዝቡ የታዘበው ሕመሙን ሳይሆን ቃል ማጠፉን ነው።

ኒክሰን ራሱ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት ያውቃል?

አዎ። ከሃያ ዓመት በፊት በዚያው ወንበር ላይ የተቀመጠው እሱ ነበር።

በ1952 ጄኔራል አይዘንሃወር ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደር ምክትል ዕጩው የ39 ዓመቱ ሪቻርድ ኒክሰን ነበር። በሴፕቴምበር አንድ ዜና ወጣ። የካሊፎርኒያ ደጋፊዎቹ ለፖለቲካ ወጪው 18,000 ዶላር ያህል አሰባስበውለታል የሚል። ጋዜጦች ይውረድ አሉ። ከአይዘንሃወር አማካሪዎችም እንዲሁ ያሉ ነበሩ። ጄኔራሉ ዝም አለ።

ኒክሰን ዝም ብሎ አልጠበቀም። በሴፕቴምበር 23 በቴሌቪዥን ግማሽ ሰዓት አግኝቶ ቀረበ። ወደ 60 ሚሊዮን ሰው አየው። ያለውን ንብረትና ያለበትን ዕዳ አንድ በአንድ ዘረዘረ። ባለቤቱ ከእንስሳ ፀጉር የተሠራ ውድ ካፖርት እንደሌላት ተናገረ። አንድ ደጋፊ ለልጆቹ ቼከርስ የምትባል ውሻ ሰጥቷቸዋል፤ እሷን ግን ሰው የፈለገውን ቢል አንመልስም አለ። በመጨረሻ ልቆይ ወይስ ልውረድ ለፓርቲው ጻፉ ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። ቴሌግራሙ ጎረፈ። አይዘንሃወር ተቀበለው። በኖቬምበር አሸነፉ።

ኒክሰንን ብዙም አልወደውም። ከፕሬዝዳንትነት ያስለቀቀውን የዋተርጌት ቅሌት ማን ይረሳል? ሆኖም በዚያ ምሽት ያደረገው ነገር ትክክል ነበር ብዬ አስባለሁ። የተጠየቀው ስለ ገንዘብ ነው፤ የመለሰውም ስለ ገንዘብ ነው። ውሳኔውንም በጓዳ ከሚንሾካሾኩ ሰዎች እጅ አውጥቶ ለሕዝብ ሰጠው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በ1972 የኒክሰን ምክትል ዕጩ ስፓይሮ አግኒው ነበር፤ እሱ በዕጩነቱ ቆየ። ምርጫውን ካሸነፉ ዓመት ሳይሞላ፣ በኦክቶበር 1973፣ በግብር ማጭበርበር ክስ አልከራከርም ብሎ ከምክትል ፕሬዝዳንትነት ለቀቀ። ሜሪላንድ ሳለ ጉቦ ተቀብሏል የሚል ምርመራ ነበር ያስለቀቀው። በሕክምና ታሪኩ የተባረረው ኢግልተን በዚያው ጊዜ ሴኔት ውስጥ ሥራውን እየሠራ ነበር።

ሌሎችስ ምን አደረጉ?

በ1984 ጄራልዲን ፌራሮ ከትልልቆቹ ፓርቲዎች ለምክትልነት የታጨች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በባለቤቷ የንግድና የግብር ጉዳይ ጥያቄ ተነሳባት። ሰነዱን አወጣች፤ ጋዜጠኞች ፊት ቆማ ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ የጠየቋትን ሁሉ መለሰች። ቆየች። ምርጫውን ግን ተሸነፉ። በ1988 ዳን ኩዌል ወደ ቬትናም ላለመዝመት ብሔራዊ ዘብ ገባ ተብሎ ብዙ ተወራበት። እሱም ቆየ፤ አሸነፉም።

ከጎረቤት ደግሞ ኬንያን እንውሰድ። እዚያም ፕሬዝዳንትና ምክትል አንድ ላይ ነው የሚመረጡት። በ2022 የዊልያም ሩቶ ምክትል ዕጩ ሪጋቲ ጋቻጓ ነበር። ለምርጫው ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቀር ፍርድ ቤት 202 ሚሊዮን ሽልንግ እንዲወረስበት ወሰነ። እሱ ክሱ ፖለቲካ ነው ብሎ ተከራከረ። አልወረደም፤ አሸነፉ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን በኦክቶበር 2024 የኬንያ ምክር ቤቶች ከሥልጣን አነሱት። ያኔ ከሩቶም ጋር ተጣልተው ነበር።

በኛ አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ ለድምፅ ሰጪው አይመጣም። ሥርዓቱ ፓርላማዊ ስለሆነ ሕዝቡ ምክትል መሪ በቀጥታ አይመርጥም።

ታዲያ መቼ ነው መውረድ ያለበት?

እኔ ሁለት ነገር ነው የማየው። አንደኛው፣ የወጣው ጉዳይ ሥራውን እንዳይሠራ ያደርገዋል ወይ? ምክትል ፕሬዝዳንት ማለት በማንኛዋም ቀን ፕሬዝዳንት ሊሆን የሚችል ሰው ነው። በ1963 ኬኔዲ ሲገደል ጆንሰን በሰዓታት ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጽሟል። ስለዚህ ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ሁለተኛው፣ ላጨው ሰው እውነቱን ተናግሯል ወይ?

በመጀመሪያው መለኪያ ኢግልተን መውረድ አልነበረበትም። ከ1966 ወዲህ ሆስፒታል አልገባም። በመካከሉ የሴኔት ምርጫ አሸንፎ ሠርቷል። ሐኪሞቹ "ሊመለስ ይችላል" ማለታቸው እውነት ነው። የልብ ሕመምም ይመለሳል። አይዘንሃወር በ1955 ሥልጣን ላይ እያለ ልቡን ታሞ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ተወዳድሮ በሰፊ ድምፅ አሸነፈ።

በሁለተኛው መለኪያ ግን አያመልጥም። ማንኪየዊች በጠየቀው ሰዓት መናገር ነበረበት። "ድኛለሁና አይቆጠርም" ብሎ አስቦ ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን ማክጎቨርን ማወቅ ይገባው ነበር። አውቆ ቢመርጠው ኖሮ እስከ መጨረሻው ይቆምለት ይሆን ነበር፤ ወይም ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር። ሁለቱም ከሆነው ይሻሉ ነበር።

እና የኔ ፍርድ? ማክጎቨርን መጀመሪያ ላይ ደበቀኝ ብሎ ወዲያው በጁላይ 25 ቢያወርደው ይገባኝ ነበር። አንዴ ከጎኑ ነኝ ካለ በኋላ ግን ማቆየት ነበረበት።

የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው ከፍተኛ ሥልጣን ሊይዝ ይችላል?

ይችላል። ይህን ጥያቄ በጣም ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልመልስ።

ኢግልተን ለምን ደበቀ? ስለሚያውቅ ነው። ታክሜ ነበር ቢል በሩ ይዘጋበታል። ሲታወቅም የሆነው ያ ነው። የተቀጣው ስለታመመ ብቻ ሳይሆን ስለታከመም ጭምር ነው። ሳይታከም የሚንገላታ ፖለቲከኛ ግን ምንም መዝገብ ስለሌለው ማንም አይጠይቀውም። እንዲህ ያለ ሥርዓት ሰውን ከሐኪም ያርቃል።

እኛም ጋር ያው ነው። "አማኑኤል ገብቶ ነበር" የሚለው ዛሬም እንደ ስድብ ይነገራል። ለትዳር ሲታሰብ ቤተሰብ ይደብቃል። ዋሽንግተን ዲሲና ሚኒያፖሊስ የሚኖር ወገናችንም መድኃኒቱን ከገዛ ወንድሙ የሚሸሽግ አለ። ጠበል የሚሄደው ይሂድ፤ ጸሎትም አይከለከልም። ሐኪም ዘንድ መሄድ ግን ነውር ሊሆን አይገባም። በድባቴ የተኛ ሰው ይነሳል፤ ይሠራል፤ ልጅ ያሳድጋል፤ ሕግ ያወጣል። ማንንም ዕጩ ስንመዝን መጠየቅ ያለብን ዛሬ እንዴት እንደሚሠራ ነው።

ኢግልተን በኋላ ምን ሆነ?

ወደ ሴኔት ተመለሰ። በ1973 ካምቦዲያ ላይ የሚካሄደው የቦምብ ድብደባ ገንዘብ እንዳያገኝ የሚል ማሻሻያ አቅርቦ ተከራከረ። በ1974 የሚዙሪ ሕዝብ ታሪኩን በሙሉ እያወቀ መልሶ መረጠው። በ1980ም እንደገና መረጠው። በ1987 መጀመሪያ በራሱ ፈቃድ ከሴኔት ወጣ። ከዚያ ሴንት ሉዊስ ገብቶ በሕግ ሙያና በማስተማር ኖረ። የከተማዋ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕንፃ በስሙ ተሰይሟል።

በማርች 2007 በ77 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ጋዜጠኛው ሮበርት ኖቫክ አንድ የቆየ ምስጢር አወጣ። በ1972 ማክጎቨርንን የሃሺሽ፣ የውርጃና ከውትድርና ለሸሹ ምሕረት የመስጠት ደጋፊ አድርጎ ያሳየው ዝነኛ አስተያየት ስሙ ካልተገለጸ ዴሞክራት ሴናተር የተገኘ ነበር። ያ ሴናተር ኢግልተን ነበር። የተናገረውም ለምክትልነት ከመታጨቱ በፊት ነው። ማክጎቨርን ይህንንም ሳያውቅ ነበር ስልኩን ያነሳው።